በቀኝ በኩል ያለችው ፊደል

ሜሪ ኔል ቲለሪ ሱቄ ስትመጣ ሁልጊዜ ሳቋ ነው ቀድሟት የሚገባው። ያን ዕለትም እንዲሁ ሆነ። በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋለች። እኔ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ጥዬ የትራስ ልብስ እየጠለፍኩ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት እንደ ልማዴ ደንገጥ አልኩ። የልጅቱ ዓይኖች ቁርጥ የአባቷ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በፖስታ ቤት፣ በመንገድ፣ በለቅሶ ቤት ስሸሻቸው የኖርኩት ዓይኖች ሱቄ ድረስ መጥተው ይስቁብኛል።

«ሚስ ቮንዳ፣ ዛሬ የመጣሁት ልለምንዎት ነው። እምቢ ካሉኝ እዚሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ» አለችኝ።

«ወለሉን አሁን ገና ነው የወለወልኩት፣ ቆመሽ አልቅሺ» አልኳት።

ሠርጓ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። በሃትቸር ከተማ ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው። ልጅቱ ሁሉን ነገር እንደ ጥንቱ ካላደረግሁ ብላለች። የአያቷን ዓይነ ርግብ ልትከናነብ ነው፤ የቅድመ አያቷ የብር ማንኪያዎች ተወልውለዋል፤ ቲለሪዎች አራት ትውልድ ሙሉ ቃል ኪዳን በገቡበት የኦክ ዛፍ ሥር ልትቆም ነው።

«አዲስ እንዲሆን የምፈልገው ባሉን ብቻ ነው» አለችና አንሶላውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው።

ገና ጥቅሉ ሳይከፈት አውቄዋለሁ። የራሴን እጅ እንዴት አላውቅም? የበፍታ ናፕኪኖች ናቸው፤ ነጭ በነጭ የተጠለፉ። በግራ ትንሽ ቪ፣ በመሀል ትልቅ ቲ፣ በቀኝ ትንሽ አር፤ ዙሪያቸውን ቀጭን ሐረግ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር ስጠልፋቸው። አንድም ቀን አልታጠቡም፤ የመጀመሪያው ማጠፊያ እንኳ ከነመስመሩ አለ።

«ከአያቴ የጥድ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘኋቸው» አለች ሜሪ ኔል። «ፊደሎቹን ተርትረው የኔንና የእጮኛዬን የግሬዲን ቢጠልፉልኝ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ በፍታ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

«የእናትሽ እኮ ናቸው» አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ። «ቪቪያን፣ ቲለሪ፣ ሬይኒ። እንዴት የእናትሽን ስም ተርትሪ ትይኛለሽ?»

«እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። ግን እማዬ በሕይወት ሳለች ‹ተያቸው፣ የኔ አይደሉም› ነበር የምትለኝ። ‹እማዬ፣ ፊደሉ እኮ ያንቺ ነው!› ስላት ‹ፊደሉ ነዋ› ትልና ትስቃለች። መቼም እናቴን ያውቋታል፤ የማትፈልገውን ነገር ሁለቴ አትናገርም።»

አውቃታለሁ። ማለቴ፣ አላውቃትም። ስድስት ዓመት ሆናት ከሞተች፤ በሕይወት እያለችም ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ነገሩን ለመሸሽ ያህል ናፕኪኖቹን ቆጠርኳቸው።

«አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ጠፍቷል።»

«እንዴት አወቁ?»

«ናፕኪን በአሥራ አንድ ማን ያሠራል፣ ልጄ?»

ልጅቱ ስቃ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። እኔ ግን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዘመን ቂሜን የሰቀልኩት በነዚያ ናፕኪኖች ላይ ነበር፤ ባለቤታቸው ደግሞ የኔ አይደሉም ብላ ሞታለች።

* * *

ያን ጊዜ ሱቁ የእናቴ የኦፓል ነበር። አባቴ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ይሠራል። ቤታችን ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ማዶ ነው። ቲለሪዎች ከወንዙ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ነጭ ዓምድ በተደረደረበት ቤት ይኖራሉ። በቤተ ክርስቲያንም እነሱ ሜቶዲስት፣ እኛ ባፕቲስት፤ እኛ አላባማ ውስጥ ያን ጊዜ ይህም ራሱን የቻለ አጥር ነበር።

ሮይስ ቲለሪ ያን አጥር የሚሻገረው በሸሚዝ ቁልፍ ነው። በሳምንት አንዴ ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ አንድ ቀን ሸሚዙን ገልብጣ አየችና «ይሄ ልጅ ቁልፉን በመቀስ እየቆረጠ ነው የሚያመጣው» አለችኝ። ሮይስ ሲመጣ ጠየቅሁት። ጆሮው ድረስ ቀላ። «የሸሚዞቼ ቁልፍ ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ምክንያት ፈልጊልኝ» አለኝ። እንዲህ ነበር የተጀመረው። አንድ ዓመት ሙሉ በወንዙ ዳር ሄድን፤ እጄን የሚይዘው መርፌ በወጋኝ ጣት በኩል ነበር።

በዚያ በጋ ለሁለት ሳምንት የብሔራዊ ዘብ ሥልጠና ሄደ። ሊሄድ ሲል «ስለኛ ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለኝ። «ምን አለችህ?» ስለው «ለኔ ተወው፣ በራሴ መንገድ እነግራታለሁ አለችኝ» አለ። እኔ የእናቱን፣ የሚስ ኦዴሳ ቲለሪን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። በከተማው ደግሞ ሌላ ወሬ ይናፈሳል። ሮይስ የዳኛ ሬይኒን ልጅ ቪቪያንን ሊያገባ ነው፤ በአንድ ጭፈራ ላይ ሦስቴ ለዳንስ አስነስቷታል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ተነጋግረው ጨርሰዋል ይባላል። አላመንኩም እላለሁ እንጂ እያንዳንዱን ቃል ሰብስቤ ይዣለሁ።

እሱ በሄደ በአምስተኛው ቀን ሚስ ኦዴሳ ራሷ ሱቃችን መጣች። ከመኪናዋ ወርዳ የማታውቅ ሴት ናት የምላችሁ። እናቴ ጓዳ ነበረች። የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «አሥራ ሁለት የገበታ ናፕኪን። አንቺ ራስሽ ጥለፊያቸው፤ እናትሽ አይደለችም፣ አንቺ» አለችኝ። ከዚያ በጓንቷ ውስጥ ሆና እጄን ያዝ አደረገችና «ደስ እንደሚሉሽ ተስፋ አለኝ» ብላኝ ወጣች።

ወረቀቷ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው። ቪ፣ ቲ፣ አር።

እኛ ጋ ያገባች ሴት ፊደሏ እንዲህ ነው የሚጠለፈው፤ በግራ የራሷ ስም፣ በመሀል በትልቁ የባሏ ቤተሰብ ስም፣ በቀኝ የአባቷ ቤተሰብ ስም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠልፈው የኖርኩት ነው፤ ተኝቼም አነበዋለሁ። ቪቪያን። ቲለሪ። ሬይኒ። የወደድኩትን ልጅ የሠርግ ናፕኪን በገዛ እጄ እንድጠልፍ አዘዘችኝ፤ ያውም እጄን ይዛ፣ ደስ እንደሚሉሽ ተስፋ አለኝ ብላ። በሕይወቴ እንዲህ በጨዋ ደንብ የሰደበኝ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ።

ጠለፍኳቸው፤ ኩራቴ ነው የጠለፋቸው ማለት ይሻላል። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራሁም። በስምንት ቀን ጨርሼ፣ ጠቅልዬ፣ በላዩ «ለሚስ ቪቪያን ሬይኒ፣ መልካም ጋብቻ፤ ቮንዳ ፒኬት» ብዬ ጽፌ ወደ ኮረብታው ላክሁ። በማግስቱ በአውቶቡስ ሞቢል ከተማ፣ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ገባሁ። ሮይስ ሲመለስ ደወለ፤ አላነጋግርም አልኩ። አንድ ደብዳቤ ላከልኝ። ፖስታውን ሳልከፍት «ለላኪው ይመለስ» ብዬ ጻፍኩበት፤ እንዴት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንደጻፍኩት ዛሬም አስታውሳለሁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቪቪያንን አገባ። ይኸው፣ አልኩ፣ አልተሳሳትኩም።

እናቴ ስትታመም ተመልሼ ሱቁን ያዝኩ። አላገባሁም። ጠያቂ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱን እንዲያውም በትሕትና ነው የሸኘኋቸው። ሰው በቂም ሊሞቅ ይችላል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሞቄበታለሁ።

* * *

በሳምንቱ ሜሪ ኔል ተመልሳ መጣች። እኔ አንድም ክር አልተረተርኩም ነበር። በመርፌ የሠራሁትን የራሴን ሥራ በመቀስ ልነካው ስል ጣቴ እምቢ ይለኛል።

«ናሙና አመጣሁልዎት» አለችና አንድ አሮጌ የገበታ ልብስ ዘረጋችልኝ። «የአያቴ የሠርጓ ነው። ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ። በግራ የኔ ስም፣ በመሀል የግሬዲ ቤተሰብ፣ በቀኝ የግሬዲ ስም።»

«በቀኝ የሚገባውማ የአባትሽ ቤት ስም ነው» አልኳት። በሙያዬ ማንም ሲያርመኝ አልወድም። «ቲለሪ የሚለው ነው የሚገባው።»

«እሱማ ለአንሶላና ለመሀረብ ነው፣ ሚስ ቮንዳ። በኛ ቤት የገበታ ጨርቅ ሁሌም የባልና የሚስት ነው። አያቴ ገበታው ላይ የሚቀመጡት ሁለቱም ናቸውና የሁለቱም ስም ይግባ ትል ነበር። ይዩት እንጂ!»

አየሁት። ኦ፣ ቲ፣ ጄ። ሚስ ኦዴሳ ከማግባቷ በፊት የላኒየር ቤተሰብ ልጅ ነበረች። በቀኝ ኤል መሆን ነበረበት። ግን ጄ ነው። ጄ ደግሞ የባሏ የጃስፐር ነው።

ቪ። ቲ። አር።

አር ሬይኒ አልነበረም። አር ሮይስ ነበር።

ቪ ደግሞ ቮንዳ፣ እኔ ነኝ።

«ሚስ ቮንዳ? ምነው፣ አመመዎት እንዴ?»

«ዓይኔ ነው» አልኳት። «ነጭ በነጭ ሳይ ያደክመኛል።»

ውሃ አምጥታ እስክታጠጣኝ ድረስ የገበታ ልብሱን ጠርዝ ይዤ ቆሜ ነበር። ያች ኩሩ ሴት፣ በአፏ አንድ ደግ ቃል መናገር ሞት የሚመስላት ሴት፣ ሐዲዱን ተሻግራ መጥታ ልጄን አግቢው ብላኛለች። በሷ ቤት ቋንቋ ነው ያለችው፤ በሦስት ፊደል። አንቺ ራስሽ ጥለፊያቸው ያለችኝ የራሴ ስለሆኑ ነው። ደስ እንደሚሉሽ ተስፋ አለኝ ያለችኝም ከልቧ ነው። እኔ ደግሞ መልካም ጋብቻ ብዬ በፊቷ ላይ ወረወርኩት። ስትሞት ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦዴሳ ቲለሪ አለቀስኩላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ለሮይስ ልንገረው? ምን ብዬ? እሱ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቮንዳ ናቀችኝ፣ እናቴንም አዋረደቻት ብሎ ነው የኖረው። ብነግረው ጸጸቴን ተሸክሞልኝ ይኖራል። ባልነግረው የናቅሁት መስሎት ይሞታል። ሁለተኛውን መሸከም አቃተኝ።

* * *

እኛ ጋ ለሠርጉ ልክ አንድ ወር ሲቀረው፣ ዝናብ እንዳይመጣ ውስኪ ይቀበራል። ይህን የማያደርግ ቤተሰብ በሠርጉ ቀን ዝናብ ቢመታው ማንም አያዝንለትም። ያልተከፈተ ሙሉ ጠርሙስ ቃል ኪዳን በሚገባበት ቦታ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ይቀበርና በሠርጉ ዕለት ወጥቶ ይጠጣል። ሜሪ ኔል ያለ እርስዎ አይሆንም ብላኝ እኩለ ቀን ላይ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። እግሬ እዚያ ግቢ ረግጦ አያውቅም ነበር።

ሮይስ አካፋውን ይዞ ከኦክ ዛፉ ሥር ይቆፍራል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። የግሬዲ አጎት የባፕቲስት ፓስተር ናቸው፤ ባፕቲስት መጠጥ አያይምና ጠርሙሱ ሲወጣ ወንዙን ለማየት ዞር አሉ።

«ጨርሰናል ፓስተር፣ መዞር ይችላሉ!» አለች ሜሪ ኔል።

«ወንዙ ዘንድሮ ሞላ ብሏል» አሉ ፓስተሩ፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ለምሳ ወደ ቤት ገቡ። ሮይስ አፈሩን በአካፋው እየመታ ቀረ። እኔም ቀረሁ።

«ሮይስ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ሳልጨርስ እንዳታቋርጠኝ።»

አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

«እነዚያ ናፕኪኖች የቪቪያን መስለውኝ ነው። አሩን ሬይኒ ብዬ ነው ያነበብኩት። እናትህ ልትሰድበኝ የመጣች መሰለኝ። አንተም ያወቅህ መሰለኝ። አልናቅሁህም፣ ሮይስ። አንድም ቀን ንቄህ አላውቅም። ማንበብ ነው ያልቻልኩት፤ ጠላፊ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም። አሁን ጨርሻለሁ።»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም። አካፋውን ቀስ ብሎ ዛፉ ላይ አስደገፈው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሁሉንም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ ካወቅሁ።»

የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ከቪቪያን ጋር በተጋባን የመጀመሪያው የምስጋና ቀን በዓል ላይ ነው» አለ። «እናቴ ቆጣቢ ነበረች፤ ፊደሉ ከገጠመ ለምን ተቀምጦ ይበላሻል ብላ ናፕኪኖቹን ገበታ ላይ አወጣቻቸው። ቪቪያን የደረሳትን አየችው። የእናቴን የገበታ ልብስ አየችው። ከዚያ አጥፋ፣ ዳቦው ሳህን ላይ አስቀመጠችና ሌላ ስጡኝ አለች፤ እናቴም የቀሩትን ማንም ሳይዘረጋቸው ሰበሰበቻቸው። በማግስቱ ‹ሮይስ፣ በናንተ ቤት በቀኝ ያለው ፊደል የባል ነው። እነዚህ እኔን ሳታውቀኝ የተሠሩ ናቸው። የማን ናቸው?› አለችኝ። ነገርኳት። አልዋሸኋትም።»

«ምን አለች?»

«‹ያቺ ልጅ የኔ መስለዋት ነው እኮ› አለች። ‹የወደደችውን ሰው የሠርግ ናፕኪን የሚያስጠልፏት መስሏት ነው የሄደችው› አለችኝ። አንድ ሰዓት አልፈጀባትም፣ ቮንዳ፤ እኔ ሁለት ዓመት ያልገባኝን። ከዚያ አለቀሰች። ላንቺ ነው ያለቀሰችው።»

እኔ ያቺን ሴት ስንት ጊዜ በልቤ ረግሜያታለሁ። የእግዜር ሰላምታዋን ስንት ጊዜ በአፍንጫዬ ተቀብያታለሁ።

«ሂድና ንገራት ብላኝ ነበር። አልሄድኩም። ሚስቴ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት፤ ወደድኳትም። ሄጄ ብነግርሽ ምን ታደርጊበት ነበር?»

«ይሁን» አልኩ። «እሺ፣ ይሁን። እሷ ከሞተች ግን ስድስት ዓመት ሆናት። ስድስት ዓመት፣ ሮይስ! በየሳምንቱ ፖስታ ቤት በር ላይ ባርኔጣህን እያነሳህ ታልፈኛለህ። ለምን?»

ከጣቶቹ ላይ አፈሩን አራገፈ።

«በኔ መናደድ ለምደሽ ነበር» አለ። «ሳይሽ ንዴቱ አቁሞሻል። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ነው የምትሄጂው። እውነቱን ብነግርሽ በራስሽ ነው የምትናደጂው። አንቺ ራስሽን ስትጠዪ ከማይ እኔን ብትጠይኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት።

«ማን ጠየቀህ? የኔን ንዴት እንድትጠብቅልኝ ማን ቀጠረህ? የናንተ ቤት ሰው አንድ ነገር ከአፉ ከሚወጣ ታንቆ ቢሞት ይመርጣል! እናትህ በናፕኪን ታወራለች፣ አንተ በባርኔጣ! ‹ቮንዳ፣ ልጄን አግቢው› ማለት ምን ነበረበት? ምን ነበረበት?»

«አንቺስ?» አለኝ። አልጮኸም። «‹የማን ናቸው?› ብትያትስ? እናቴ ፊት ለፊትሽ ቆማ ነበር። ሁለት ቃል ነው፣ ቮንዳ። ሁለት ቃል።»

ስምንት ቀን ሙሉ ናፕኪኖቹን በመርፌ ስወጋ፣ እነዚያ ሁለት ቃላት አንዴም አፌ ላይ አልመጡም። የሐዲዱ ማዶ ልጅ ነኝ ብዬ፣ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ፣ መጠየቅ ፈራሁ።

«ደብዳቤው ምን ይል ነበር?» አልኩት።

«የቱ?»

«የመለስኩልህ።»

ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

«አጭር ነበር። ‹መልካም ጋብቻ ማለትሽ እናቴን ግራ አጋብቷታል። ናፕኪኖቹ ደስ አላሉሽም እንዴ?› የሚል ነው።»

አለቀስኩ። አምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቲለሪዎች ኦክ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውስኪ በተቀበረበት አፈር አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም። እጁን ዘርግቶ የመርፌዋን ጣት ያዛት፤ እንደ ድሮው። ከቤት ውስጥ የሜሪ ኔል ሳቅ ይሰማል። ያቺ ልጅ እኔ በትክክል አንብቤ ቢሆን ኖሮ አትኖርም ነበር፤ እሷን ደግሞ እወዳታለሁ። ምን ብዬ እንደምቆጭ እንኳ ግራ ገባኝ።

* * *

አሥራ አንዱንም ተረተርኳቸው። መጀመሪያ አሩን፣ ቀጥሎ ትልቁን ቲ፣ መጨረሻ ላይ ቪውን። ክሩ ጠንክሮ ነበር፤ አጥብቄ ነው የሰፋሁት። ናፕኪኖቹን በሞቀ ውሃ ሳጥባቸው የመርፌው ቀዳዳዎች ተደፈኑ። ወደ ብርሃን ካላነሷቸው በቀር አይታዩም። በላያቸው የሜሪ ኔልንና የግሬዲን ፊደል ጠለፍኩ፤ ባል በቀኝ፤ ሦስቴ አረጋግጬ።

የሠርጉ ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። ሮይስ ጠርሙሱን ከአፈር አወጣ፤ ጭብጨባው ወንዙ ድረስ ተሰማ። ሙሽሪት በአያቷ ዓይነ ርግብ ውስጥ ሆና ቃሏን ስትገባ እኔ ከኋላ፣ ከባፕቲስቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ለምሳ ስንገባ ቦታዬን ከኋላ ጠረጴዛዎች ስፈልግ የግሬዲ እናት መጡና «አንቺማ ከቤተሰብ ጋር ነሽ» ብለው በክንዴ ይዘው ወሰዱኝ።

ስሜ በሮይስ ቀኝ ባለው ወንበር ፊት ተጽፏል። ሳህኔ ላይ ናፕኪን አለ። በፍታው እንደሌሎቹ አይደለም፤ ትንሽ ገርጥቷል፤ ዳር ላይ አሮጌ የዳቦ ቅቤ ነጥብ አለበት። ከፈትኩት። ቪ፣ ቲ፣ አር። አሥራ ሁለተኛው ነው። ቪቪያን አጥፋ ዳቦው ሳህን ላይ ያስቀመጠችው።

ሮይስ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደኔ አላየም፤ የኔም ዓይን ጨርቁ ላይ ነበር። ሰው ይስቃል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሜሪ ኔል ከወዲያ ማዶ በአባቷ ዓይኖች ታየናለች።

በዚህ ጊዜ ግን ጠየቅሁት።

«የማን ናት?»

ሮይስ ናፕኪኗን ከእጄ ወስዶ ዘረጋትና ጉልበቴ ላይ አነጠፋት።

«ያንቺ ናት» አለኝ። «ድሮም ያንቺ ነበረች።»